ማስረጃን በራስ ቤት መፈለግ፦ ኤሌክትሮኒክ ሰነድ፣ ሙግትና ስታቲስቲክስ

በአሜሪካ የፍትሐ ብሔር ሙግት ሥርዓት ውስጥ ለአገራችን አንባቢ እንግዳ ሊመስል የሚችል አንድ ደንብ አለ። ከሳሽና ተከሳሽ ክርክራቸውን በችሎት ፊት ከማሰማታቸው አስቀድሞ፣ አንዱ ወገን ሲጠይቅ ሌላው በእጁ የሚገኘውንና ከክሱ ጋር ግንኙነት ያለውን ሰነድ አውጥቶ እንዲያሳይ ይገደዳል። ሰነዱ የሚጠቅመው ብቻ ሳይሆን የሚጎዳውም ቢሆን መደበቅ አይፈቀድለትም። «ዲስከቨሪ» በመባል የሚታወቀው ይህ ሥርዓት በፌዴራል ፍርድ ቤቶች ዛሬ የምናውቀውን መልክ መያዝ የጀመረው በ1938 ነው (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በወረቀት ዘመን ሥራው አድካሚ ቢሆንም ወሰን ነበረው። የመዝገብ ቤቱ መደርደሪያ ይቆጠራል፣ ሣጥኖቹ ይከፈታሉ፣ ጸሐፊዎች ገጽ በገጽ ያነባሉ።

ኮምፒዩተር ወደ መሥሪያ ቤቶች ከገባ በኋላ ግን መደርደሪያው ወሰን አጣ። በታኅሣሥ 1 ቀን 2006 በሥራ ላይ የዋለው የደንብ ማሻሻያ «በኤሌክትሮኒክ ዘዴ የተከማቸ መረጃ» የሚል ስያሜ በመስጠት ኢ-ሜይሉን፣ የሒሳብ ሠንጠረዡንና የመረጃ ቋቱን ከወረቀት እኩል ለፍተሻ ክፍት አደረገ። ከዚያን ጊዜ ወዲህ ትልልቅ ኩባንያዎች አንድ ጥያቄ ተደቅኖባቸዋል። ይህን ሰነድ የሚያስሰው፣ የሚያጣራውና የሚያዘጋጀው ማን ነው? ለሥራው የተቋቋሙ አገልግሎት ሰጪ ድርጅቶች በኮንትራት ይውሰዱት ወይስ ኩባንያው በራሱ ነገረ ፈጆችና በራሱ የኮምፒዩተር ባለሙያዎች ያካሂደው?

ጉዳዩ የሕግ ይመስላል፤ በመሠረቱም የሕግ ነው። ይሁን እንጂ ወደ ውስጡ ስንዘልቅ የምናገኘው የናሙና አወሳሰድን፣ የፕሮባብሊቲ ስሌትንና የኢንፎርሜሽን ፍለጋን ሳይንስ በመሆኑ በዚህ መጽሔት ላይ ሊቀርብ ይገባዋል ብለን እናምናለን።

አንድ ደብዳቤ ስንት ቅጂ አለው?

አንድ ሥራ አስኪያጅ ለ10 ሠራተኞች አንድ ኢ-ሜይል ላከ እንበል። መልእክቱ በላኪው ሣጥን ውስጥ አንድ፣ በተቀባዮቹ ሣጥኖች ውስጥ ደግሞ 10፣ በድምሩ 11 ጊዜ ይገኛል። የኮምፒዩተር ክፍሉ በየሌሊቱ የሰርቨሩን ይዘት ወደ መጠባበቂያ ቴፕ የሚገለብጥና ቴፖቹን ለ30 ቀናት የሚያቆይ ከሆነ፣ በቴፖቹ ላይ 330 ተጨማሪ ቅጂዎች ይኖራሉ። በሞባይል ስልክ የተነበበውን፣ ለሌላ ሰው የተላለፈውንና በግል ኮምፒዩተር ላይ የተቀመጠውን ሳንቆጥር 341 ደረስን። አንድ ሠራተኛ መልእክቱን «አጥፍቼዋለሁ» ሲል ከእነዚህ ውስጥ ያጠፋው አንዱን ብቻ ነው።

ሁለተኛው ልዩነት ወረቀት የሌለው ነገር ነው። እያንዳንዱ የኮምፒዩተር ሰነድ መቼ እንደተጻፈ፣ ማን እንዳሻሻለው፣ መቼ እንደተከፈተ የሚናገር ሜታዳታ የተባለ ተጓዳኝ መረጃ ይሸከማል። ሰነዱን ለማየት ብለን ስንከፍተው ወይም ያለ ጥንቃቄ ስንገለብጠው ይህ መረጃ ሊለወጥ ይችላል። የፊዚክስ ተማሪዎች መለካት የሚለካውን ነገር ይነካል የሚለውን አባባል ያስታውሳሉ። እዚህ ላይ የኳንተም ምስጢር የለም፤ ነገር ግን ጥንቃቄው ተመሳሳይ ነው። በዚህም ምክንያት ባለሙያዎች ዲስክን ሲገለብጡ በላዩ ላይ ምንም እንዳይጻፍ የሚከለክል መሣሪያ በመካከል ያስገባሉ።

ገንዘቡ የት ይሄዳል?

ራንድ የተባለው የአሜሪካ የምርምር ተቋም በ2012 ባወጣው ጥናት የ8 ታላላቅ ኩባንያዎችን 57 የሙግት ጉዳዮች መርምሮ ነበር። ለኤሌክትሮኒክ ማስረጃ ከወጣው ገንዘብ ውስጥ ሰነዱን ለመሰብሰብ የዋለው 8 በመቶ ያህል፣ ለማቀናበር የዋለው 19 በመቶ ሲሆን 73 በመቶው የወጣው ሰነዱን አንብቦ «ይመለከተዋል» ወይም «አይመለከተውም» ብሎ ለመለየት ነው። ማን እንደተከፈለ ሲታይ ደግሞ 70 በመቶው ለተቀጠሩ የሕግ ቢሮዎች፣ 26 በመቶው ለአገልግሎት ሰጪ ድርጅቶች ሲሄድ የኩባንያው የራሱ ወጪ 4 በመቶ ያህል ብቻ ሆኖ ተገኝቷል።

እነዚህን ሁለት ተርታ ቁጥሮች ጎን ለጎን ስናስቀምጣቸው የራስ አቅም ጥቅም የቱ ላይ እንደሆነ ይታየናል። ንባቡ ውድ የሆነው አንባቢው በሰዓት ስለሚከፈለው ነው፤ ስለዚህ ወጪውን በእርግጥ የሚቀንሰው ርካሽ አንባቢ መፈለግ ሳይሆን ወደ አንባቢው የሚደርሰውን ክምር አስቀድሞ ማሳነስ ነው። ክምሩን ማሳነስ የሚችለው ደግሞ ሰነዱ ከየት እንደመጣ የሚያውቅ ሰው ነው። በአገልግሎት ሰጪዎች ዘንድ ለረዥም ጊዜ የተለመደው የዋጋ አተማመን በጊጋባይት ልክ በመሆኑ፣ ክምሩ ባነሰ ቁጥር የእነርሱም ገቢ ያንሳል። ይህን የምንለው እነርሱን ለመውቀስ አይደለም። ወፍጮ ቤት በኪሎ የሚያስከፍል ከሆነ እህሉን ከማስፈጨታችን በፊት ማንጠርጠሩ የእኛ ሥራ ነው።

በናሙና የተፈታ ክርክር

በኒው ዮርክ የፌዴራል ፍርድ ቤት በዳኛ ሺራ ሻይንድሊን ፊት የታየው በዩቢኤስ ዋርበርግ ላይ የቀረበ የሥራ ክርክር በዚህ መስክ እንደ መማሪያ ይቆጠራል። ከሳሿ የባንኩ የአክሲዮን ሽያጭ ሠራተኛ የነበረች ስትሆን በጾታዬ ምክንያት አድልዎ ተፈጽሞብኛል ብላ ነበር የከሰሰችው። ባንኩ ያቀረበው 350 ገጽ ያህል ሰነድ ሲሆን ከዚያ ውስጥ ኢ-ሜይሉ 100 ገጽ ገደማ ነበር። ከሳሿ ግን ከራሷ እጅ ብቻ 450 ገጽ ያህል ኢ-ሜይል አቅርባለች። ቀሪው በመጠባበቂያ ቴፖች ላይ ነው፤ ባንኩም እነርሱን መልሶ ማውጣት ከአቅም በላይ ውድ ነው ሲል ተከራከረ።

ዳኛዋ የሰጡት መፍትሔ ከላቦራቶሪ የመጣ ይመስላል። ከ77ቱ ቴፖች 5ቱ ለሙከራ እንዲወጡ በ2003 አዘዙ። እነርሱን መልሶ ማውጣት 11,524 ዶላር ያህል የፈጀ ሲሆን ለጉዳዩ አግባብ ያላቸው 600 ያህል ኢ-ሜይሎች ተገኙበት። ከዚህ ተነሥቶ የቀሩትን 72 ቴፖች ማውጣትና ማንበብ 273,649 ዶላር ያህል እንደሚያስወጣ ተሰላ። ዳኛዋም ቴፖቹን መልሶ ከማውጣቱ ወጪ አንድ አራተኛውን ከሳሿ፣ የቀረውንና የንባቡን ወጪ ባንኩ እንዲሸፍን ወሰኑ። ናሙናው ግምትን በመለኪያ ተካው ማለት ነው።

ቆይቶ ግን የባሰ ነገር ተገለጠ። ሰነድ እንዳይጠፋ ትእዛዝ ከተላለፈ በኋላ አንዳንድ የባንኩ ሠራተኞች ኢ-ሜይሎችን ሰርዘው ነበር። ዳኛዋ በ2004 በሰጡት ውሳኔ የጠፋው ሰነድ ባንኩን የሚጎዳ ይዘት ነበረው ብለው ጁሪዎቹ እንዲገምቱ ፈቀዱ። በ2005 ጁሪው ለከሳሿ ከ29 ሚሊዮን ዶላር በላይ እንዲከፈላት ፈረደ። የቴፖቹ ወጪ ከዚህ ድምር አንድ በመቶ እንኳ አይሞላም። የመረጃው ባለቤት የሆነው መሥሪያ ቤት ሰነዱ የት እንዳለ፣ በስንት ቀኑ እንደሚደመሰስ፣ የደምሳሹን ፕሮግራም የሚያቆመው ባለሙያ ማን እንደሆነ ቀድሞ ማወቁ ምን ያህል እንደሚያዋጣ ከዚህ መገመት ይቻላል። ማስረጃ የማቆየት ትእዛዝ በደረሰ ዕለት የሌሊቱን ሥራ ማስቆም የሚችለው በአጠገብ ያለ ሰው ነው፤ ኮንትራት ተዋዋዩ ገና ውሉን እየፈረመ ይሆናል።

የሰነድ የጣት አሻራ

ከላይ የጠቀስናቸው 341 ቅጂዎች ሁሉ መነበብ አለባቸውን? የለባቸውም። ነገር ግን ኮምፒዩተር ሁለት ሰነዶች አንድ መሆናቸውን በምን ያውቃል? እያንዳንዱን ከእያንዳንዱ ጋር ፊደል በፊደል ማስተያየት ለሚሊዮን ሰነዶች 500 ቢሊዮን ያህል ንጽጽሮችን ይጠይቃል። መፍትሔው «ሃሽ» የሚባል የሒሳብ ፈንክሽን ነው። የማንኛውም ርዝመት ሰነድ ሲገባበት ርዝመቱ የተወሰነ ቁጥር ያወጣል። ከሰነዱ አንዲት ነጥብ ብትለወጥ የሚወጣው ቁጥር ፈጽሞ ሌላ ይሆናል። በመሆኑም ሰነዶቹን ትተን ቁጥሮቹን በተራ ደርድረን እኩል የሆኑትን እናስወግዳለን።

ሮናልድ ሪቬስት በ1991 የነደፈው ኤም ዲ 5 የተባለው ፈንክሽን የ128 ቢት ቁጥር ይሰጣል። ሊወጡ የሚችሉት ቁጥሮች ብዛት 2 በ128 ኃይል፣ ማለትም ከ3 ቀጥሎ 38 አኃዞች ያሉት ቁጥር ነው። ሁለት የተለያዩ ሰነዶች በአጋጣሚ አንድ ቁጥር የማግኘት ዕድላቸውን ለማስላት፣ በአንድ ክፍል ውስጥ ሁለት ተማሪዎች በአንድ ቀን የመወለዳቸውን ዕድል የምናሰላበትን ዘዴ እንጠቀማለን። ለ17.6 ሚሊዮን ሰነዶች ጥንዶቹ 155 ትሪሊዮን ያህል ይሆናሉ፤ ይህ ለጠቅላላው ሲካፈል የሚገኘው ዕድል ከ1 ቀጥሎ 24 ዜሮዎች ካሉት ቁጥር ውስጥ አንዱን እንኳ አይሞላም። በ2004 የቻይና ተመራማሪዎች ሆን ተብሎ አንድ ዓይነት አሻራ ያላቸው ሁለት የተለያዩ ፋይሎችን መሥራት እንደሚቻል ስላሳዩ፣ ተንኮል በሚጠረጠርበት ቦታ እንደ ሻ 256 ያሉት ጠንካራ ፈንክሽኖች ይመረጣሉ። ለአጋጣሚ ግን አሮጌውም ይበቃል።

17.6 ሚሊዮን የሚለውን ቁጥር የወሰድነው ከእውነተኛ ጉዳይ ነው። በ2016 በእንግሊዝ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በታየው የፒሮ ኢንቨስትመንትስ ክርክር ከ17.6 ሚሊዮን በላይ የነበሩት ሰነዶች ድግግሞሹ ሲወገድ ወደ 3.1 ሚሊዮን ወርደዋል። አንድ አንባቢ በሰዓት 50 ሰነድ ያያል ብለን ብናስብ የተወገደው ንባብ 290,000 ሰዓት ነው።

ኩባንያው ይህን ሥራ በራሱ ሲሠራ አንድ ተጨማሪ ትርፍ አለው። አሻራው ለአንድ ክስ ብቻ አያገለግልም። አንድ የመድኃኒት አምራች በአንድ መድኃኒት ምክንያት በተለያዩ ከተሞች ቢከሰስ የሚጠየቀው በአብዛኛው ያንኑ ሰነድ ነው። በመጀመሪያው ክስ «ይህ በጠበቃና በደንበኛ መካከል ያለ ምስጢር ነው» ተብሎ የተለየ ደብዳቤ አሻራው ከተመዘገበ በሁለተኛውም በሦስተኛውም ክስ ዳግም አይነበብም፤ ከሁሉም በላይ በስሕተት ለባላጋራ አይሰጥም። ሥራው በየክሱ ለተለያየ ኮንትራክተር ሲሰጥ ግን ይህ እውቀት በየጊዜው አብሮ ይሄዳል፤ አዲሱም ኮንትራክተር ከዜሮ ይጀምራል። የቅጂዎቹ መብዛት ለምስጢር ጥበቃም አይበጅም፤ መረጃው በስንት ሰርቨር ላይ እንዳረፈ የሚያውቅ ሰው እስከሚጠፋ ድረስ።

«አደጋ» የሚለው ቃል የሌለበት አደጋ

ዴቪድ ብሌርና ማሮን የተባሉ ተመራማሪዎች በ1985 ያሳተሙት ጥናት ዛሬም ሊነበብ የሚገባው ነው። በሳን ፍራንሲስኮ አካባቢ የከተማ ባቡር ላይ ከደረሰ አደጋ ጋር በተያያዘ ክስ 40,000 ያህል ሰነዶች፣ 350,000 ገጽ ገደማ፣ በኮምፒዩተር ተከማችተው ነበር። ጠበቆቹ በቃላት ፍለጋ ከሚፈልጉት ሰነድ ቢያንስ 75 በመቶውን እንዳገኙ ያምኑ ነበር። ተመራማሪዎቹ በናሙና ሲለኩት ያገኙት 20 በመቶ ያህሉን ብቻ ነው።

ምክንያቱ የሚያስገርም አይደለም። በጉዳዩ እጃቸው ያለበት ሰዎች በጽሑፋቸው ውስጥ «አደጋ» አይሉም፤ «አሳዛኝ ሁኔታ»፣ «ችግሩ» እያሉ ያልፉታል። መሐንዲሱ በቴክኒክ ስሙ፣ ሌላው በቅጽል ስሙ ይጠራዋል። አንድ ቃል ለፈላጊው ግልጽ መሆኑ ለጸሐፊውም ግልጽ ነበር ማለት አይደለም። እዚህ ላይ ነው የመሥሪያ ቤቱ ሰው ዋጋ የሚታወቀው። ፕሮጀክቱ በመተላለፊያው ላይ በምን ስም ይጠራ እንደነበር፣ የማክሰኞው ስብሰባ ቃለ ጉባኤ በማን ኮምፒዩተር ላይ እንደሚቀመጥ የሚያውቀው እርሱ ነው።

ከቃላት ፍለጋ ወዲህ የመጣው ዘዴ ኮምፒዩተሩን በምሳሌ ማስተማር ነው። ጉዳዩን የሚያውቅ ጠበቃ የተወሰኑ ሰነዶችን ለይቶ ያሳየዋል፤ ፕሮግራሙ የቀሩትን በተመሳሳይነታቸው ልክ ደረጃ ይሰጣቸዋል። ሞራ ግሮስማንና ጎርደን ኮርማክ በ2011 ባቀረቡት ጽሑፍ እንዲህ ያለው ዘዴ፣ ሰው ከሰነዶቹ በአማካይ 1.9 በመቶውን ብቻ አይቶ፣ ሁሉንም በሰው ዓይን ከማንበብ የማያንስ ውጤት ሊያስገኝ እንደሚችል አሳይተዋል። በ2012 የኒው ዮርኩ ዳኛ አንድሩ ፔክ ከ3 ሚሊዮን በላይ ኢ-ሜይሎች በነበሩበት የፑብሊሲስ ክርክር ዘዴው ተቀባይነት እንዲኖረው ወሰኑ። በዚያ ክርክር ለመነሻ የተወሰደው ናሙና 2,399 ሰነድ ነበር። ቁጥሩ ከሰማይ የወረደ አይደለም። ለ95 በመቶ እርግጠኝነትና ለ2 በመቶ የስሕተት ወሰን የናሙና ቀመሩ 2,401 ይሰጣል፤ የጠቅላላው ብዛት 3 ሚሊዮን መሆኑ ሲታሰብ ወደ 2,399 ይወርዳል። ጠቅላላው 30 ሚሊዮን ቢሆንም ቁጥሩ ያው ነው ማለት ይቻላል። ብዙ ሰዎች ይህን ለማመን ይቸገራሉ፤ ነገር ግን ወጥን ለመቅመስ አንድ ማንኪያ የሚበቃው ድስቱ ትንሽ ስለሆነ ሳይሆን ወጡ በደንብ ስለተማሰለ ነው።

ሌላም ቀላል ሕግ እናክል። ከተጣሉት ሰነዶች መካከል በዕጣ 1,500 አውጥተን አንድም ጠቃሚ ባናገኝ፣ በ95 በመቶ እርግጠኝነት ልንል የምንችለው የቀረው ጠቃሚ ሰነድ ከ3 ለ1,500፣ ማለትም ከ0.2 በመቶ አይበልጥም ነው። ዜሮ አገኘን ማለት የለም ማለት አይደለም። የተጣለው ክምር 1 ሚሊዮን ከሆነ እስከ 2,000 የሚደርስ ሰነድ ሊያመልጥ ይችላል። ይህን ስሌት አንድ የሁለተኛ ዓመት የስታቲስቲክስ ተማሪ ይሠራዋል። ኩባንያዎች በዚህ ሥራ ላይ የጠበቃን ብቻ ሳይሆን የሳይንስ ምሩቅን እጅ የሚሹበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

መሐንዲሱን ማንም አልጠየቀውም

በ2005 ኳልኮም የተባለው ኩባንያ ብሮድኮምን በቪዲዮ ማመቂያ የፈጠራ መብቶች ጉዳይ ከሰሰ። ኳልኮም ኤች 264 በመባል የሚታወቀው የቪዲዮ ደረጃ በ2003 ከመታተሙ በፊት ደረጃውን ባወጣው ኮሚቴ ሥራ አልተሳተፍኩም ይል ነበር። ተሳትፎ ከነበረ የመብት ጥያቄው ይወድቃል። ክሱ በጥር 2007 በሳን ዲዬጎ እየተሰማ ሳለ ከምስክሮቹ አንዷን ሲያዘጋጁ የነበሩት ጠበቆች ከዚያ ጊዜ በፊት የተጻፈ ተሳትፎን የሚያመለክት ኢ-ሜይል አገኙ፤ ፍለጋው ሲቀጥል 21 ሆኑ። ሳይቀርቡም ቀሩ። ምስክሯ በመስቀለኛ ጥያቄ ስትጠየቅ ነገሩ ተገለጠ። ከፍርዱ በኋላ በተደረገው ፍተሻ ሊቀርቡ ሲገባቸው ያልቀረቡ ከ46,000 በላይ ሰነዶች ተገኙ። ኳልኮም በ2008 የብሮድኮምን የጥብቅና ወጪ ከ8.5 ሚሊዮን ዶላር በላይ እንዲከፍል ታዘዘ።

በመጀመሪያ ጥፋተኛ ተብለው የነበሩት ከውጭ የተቀጠሩ ጠበቆች በ2010 በተደረገ ዳግም ምርመራ በክፉ ልብ አልሠሩም ተብለው ከቅጣት ነፃ ሆኑ። በዚያ ምርመራ የታየው ነገር ለርእሳችን ዋነኛው ነው። ሥራው ሲጀመር ከጠበቆቹ መካከል አግባብ ካላቸው መሐንዲሶች ጋር ተቀምጦ ስለ ክሱና ስለ ሰነድ አሰባሰቡ የተወያየ አልነበረም፤ የኩባንያው የኮምፒዩተር ሥርዓት እንዴት እንደተደራጀም በበቂ አላወቁም። ፍለጋውን በበላይነት የሚመራ ሰውም አልነበረም። መልሱ ሕንፃው ውስጥ ተቀምጦ ነበር።

ከዚህ ተነሥተን ግን ነገረ ፈጁ በኩባንያው ውስጥ መኖሩ ብቻውን ይበቃል ብንል እንሳሳታለን፤ ኳልኮም የራሱ ነገረ ፈጆች ነበሩት። የሚያስፈልገው የሕግ ክፍሉና የኮምፒዩተር ክፍሉ አስቀድመው አንድ ላይ ተቀምጠው የሰነዱን ካርታ መሥራታቸው ነው።

ሌባና ዘበኛ አንድ ሲሆኑ

በራስ አቅም የመሥራትን ጉዳት ሳናነሣ ብናልፍ ለአንባቢ ግማሽ እውነት መስጠት ይሆናል። ትልቁ ተቃውሞ የሚከተለው ነው። ሰነዱ የሚጎዳው ሰው ራሱ ፈላጊ ከሆነ ባያገኘው ማን ያውቃል? ሠራተኛው የራሱን ኢ-ሜይል ራሱ እንዲመርጥ መተው በአሜሪካ ፍርድ ቤቶች ዘንድ ደጋግሞ የተነቀፈ አሠራር ነው። በራስ አቅም መሥራት ማለት ተጠርጣሪው ይፈልግ ማለት ሳይሆን ተጠርጣሪው የማይደርስበት ክፍል ይፈልግ ማለት ነው፤ ሁለቱ ሲምታቱ አደጋ አለ።

ይህ ለእኛ ሩቅ ጉዳይ አይደለም። መጋቢት 10 ቀን 2019 ከቦሌ ተነሥቶ ወደ ናይሮቢ ሲበር የነበረው የኢትዮጵያ አየር መንገድ የበረራ ቁጥር 302 ተከስክሶ 157 ሰዎች አለቁ። የሟቾቹ ቤተሰቦች ቦይንግን የከሰሱት በቺካጎ በሚገኘው የፌዴራል ፍርድ ቤት ነው፤ ኩባንያውም በኅዳር 2021 ለካሣው ኃላፊነቱን ተቀብሏል። ከኩባንያው አብራሪዎች አንዱ በ2016 ስለ በረራ መቆጣጠሪያው ሥርዓት ለባልደረባው የጻፈው የኮምፒዩተር መልእክት በቦይንግ እጅ ነበር። ኩባንያው መልእክቱን በየካቲት 2019 ለአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር ሲሰጥ፣ የአቪዬሽን ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ግን ያየው በጥቅምት 2019 ነው፤ ስለ መዘግየቱም ማብራሪያ ጠይቋል። ጸሐፊው በኋላ ቀርቦበት ከነበረው የወንጀል ክስ በ2022 በጁሪ ነፃ ወጥቷል። መልእክቱ ቀድሞ ቢደርስ ምን ይለወጥ ነበር የሚለውን ለመመለስ አንሞክርም። የምንለው አንድ ነገር ነው፤ ሰነድን በፍጥነት የማግኘት ችሎታ አንድ ነገር ሲሆን ለማን መቼ እንደሚሰጥ የሚወስነው ሕሊና ደግሞ ሌላ ነው። ሶፍትዌሩ ሁለተኛውን አይሠራም።

ሌላው ተቃውሞ ተራ የሒሳብ ጉዳይ ነው። በአሥር ዓመት አንድ ጊዜ የሚከሰስ ትንሽ ድርጅት ሶፍትዌር ገዝቶ፣ ባለሙያ ቀጥሮ፣ ሰርቨር አቁሞ ቢጠብቅ ገንዘቡን ይጥላል። ለእርሱ ኮንትራቱ ይሻለዋል። እንዲህ ላለው ድርጅት የምንመክረው የሰነዱን ካርታና የአደማሰሱን መርሐ ግብር በራሱ እጅ አድርጎ ሌላውን እንዲያሠራ ነው።

በአማርኛ የተጻፈ ኢ-ሜይል ሲፈለግ

የአገራችን ፍርድ ቤቶች የአሜሪካው ዓይነት ሰፊ የዲስከቨሪ ሥርዓት የላቸውም። ይሁን እንጂ ኢትዮጵያ በ2020 የውጭ አገር የግልግል ፍርዶችን የሚመለከተውን የኒው ዮርክ ስምምነት ተቀብላለች፤ ከውጭ ኩባንያዎች ጋር የሚዋዋሉ ድርጅቶቻችንም በግልግል ጉባኤ ፊት ሰነድ እንዲያቀርቡ ሊጠየቁ ይችላሉ። በሌላ በኩል በ2024 የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ የሰዎችን መረጃ ከአገር ስለ ማውጣት ገደብ ስላለው፣ ሙሉ ሰርቨር ጭኖ ለባሕር ማዶ ኮንትራክተር መላክ ቀላል አይሆንም። በአገር ውስጥ፣ በራስ እጅ ማጣራት የሚጠይቅ ጊዜ እየመጣ ነው።

ያን ጊዜ የብሌርና የማሮን ችግር በእጥፍ ይገጥመናል። «ፀሐይ» የሚለውን ስም እንውሰድ። መነሻው በ«ጸ» ወይም በ«ፀ» ይጻፋል፤ ሁለተኛው ፊደል በ«ሀ»፣ በ«ሃ»፣ በ«ሐ»፣ በ«ሓ»፣ በ«ኀ» ወይም በ«ኃ» ሊጻፍ ይችላል። 2 በ6 ሲባዛ 12 አጻጻፎች ናቸው። «ኃይለ ሥላሴ» የሚለው ደግሞ 6 በ2 በ2፣ ማለትም 24 መልኮች ሲኖሩት አጋጥሞ ወይም ለያይቶ መጻፉ ሲታከልበት 48 ይሆናል። ለኮምፒዩተሩ እነዚህ 48 የተለያዩ ሰዎች ናቸው። «ውል» የሚለውን ብንፈልግ «በውሉ»፣ «ከውላችን»፣ «ስለውሉ» የሚሉት ባሕርያቸው አንድ ቢሆንም ሙሉ ቃል ብቻ የሚያይ ፈላጊ ያልፋቸዋል።

ከዚህም የከፋ አለ። የግእዝ ፊደል በዩኒኮድ የገባው በ1999 ነው። ከዚያ በፊትና ለጥቂት ዓመታት ከዚያም በኋላ በአገራችን መሥሪያ ቤቶች የተጻፉት ብዙ ሰነዶች በልዩ ልዩ የፊደል ቅርጽ ፕሮግራሞች የተዘጋጁ በመሆናቸው፣ በዓይን ሲታዩ አማርኛ ቢሆኑም በውስጣቸው የተመዘገበው የላቲን ፊደል ኮድ ነው። የውጭ አገር ፕሮግራም ከፍቶ ሲያነባቸው የሚያየው ትርጉም የለሽ የምልክት ክምር ስለሆነ ወደ ተጣለው ወገን ይመድባቸዋል። እነዚህን ወደ ዩኒኮድ የሚመልስ፣ ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸውን ፊደላት አንድ የሚያደርግና የቃላትን ቅጥያ የሚገፍ ፕሮግራም መጻፍ ለአንድ የኮምፒዩተር ሳይንስ ተማሪ የመመረቂያ ሥራ የሚሆን ነው፤ በየትኛው ዓመት የትኛው ክፍል በየትኛው የፊደል ቅርጽ ይጽፍ እንደነበር የሚነግረው ግን የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ነው።